ርግጫው ቀለል ያለ የመከላከያ ሽጉጥ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ለሚኖሩ፣ ራሳቸውን ለመጠበቅ በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ ለመግዛት ለወሰኑ፣ ነገር ግን የሽጉጥ ርግጫ ለሚያስፈራቸው ወገኖች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹን በብዛት የሚያነሱት ማታ ሱቅ ዘግተው የሚወጡ ሰዎች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶችና የመገጣጠሚያ ሕመም እጃቸውን የሚያስቸግራቸው አረጋውያን ናቸው። መግዛትና አለመግዛት የእርስዎና የቤተሰብዎ ውሳኔ ነው። ከወሰኑ ግን ሻጩ ያሞገሰውን ትተው እጅዎ የሚችለውን ይያዙ።

ርግጫው ከምን ይመጣል?

እርሳሱ ወደ ፊት ሲወረወር ሽጉጡ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋል። ጥይቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ከባዱ ሽጉጥ ቀስ ብሎ ይገፋል፤ ቀላሉ ግን በፍጥነት መዳፍን ይመታል። ስለዚህ ርግጫን የሚወስኑት የጥይቱ ኃይል፣ የሽጉጡ ክብደትና የውስጥ አሠራሩ ናቸው። የእጀታው ስፋትም ብዙ ለውጥ ያመጣል። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በቀጭን ሲባጎ ቢያንጠለጥሉት ጣት ይቆርጣል፤ በሰፊ ቀበቶ ቢይዙት ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ ሕመሙ ይቀላል። ቀጭን እጀታ ያለው ሽጉጥም ግፊቱን በሙሉ በመዳፍ ላይ ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ያሳርፋል።

ታዲያ ትንሿ ሽጉጥ ርግጫዋ ቀላል አይደለም?

አይደለም። በዚህ ጉዳይ ሰዎችን በብዛት የሚያሳስተው ይህ እምነት ነው። ትንሽ ሽጉጥ ለመያዝ ይቀላል፣ ለመደበቅ ይመቻል፣ በሱቁ መስታወት ውስጥም ገር ይመስላል። ሲተኮስ ግን ሌላ ነው።

ሩገር ኤልሲፒን እንውሰድ። ባዶውን 270 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የሚተኩሰው ደግሞ 9 ሚሊሜትር ከሚባለው ጥይት ደከም ያለውን፣ .380 የሚባለውን ነው (ቁጥሮቹ የጥይት ዓይነት መጠሪያ ናቸው)። ግሎክ 19 በበኩሉ ከባዶ ካዝናው ጋር ወደ 670 ግራም ይመዝናል፤ የሚተኩሰውም ሙሉ ኃይል ያለውን 9 ሚሊሜትር ነው። በግምት ሲሰላ የሁለቱ የርግጫ ጉልበት ተቀራራቢ ነው፤ እያንዳንዳቸው 5 ጁል አካባቢ ይሆናሉ። ነገር ግን ትንሹ ሽጉጥ ወደ ኋላ የሚመጣው በበለጠ ፍጥነት ነው፤ እጀታውም ቀጭን ነው፤ ትንሿ ጣትም ብዙ ጊዜ መያዣ አታገኝም። ስለዚህ «ደካማ» ጥይት የሚተኩሰው ትንሹ ሽጉጥ እጅን የበለጠ ያማል። አንድ ካዝና ተኩሰው ሽጉጡን መሳቢያ ውስጥ ከተው ዳግመኛ ያልነኩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የገዙት እንዲህ ዓይነቱን ነው። የማይለማመዱበት ሽጉጥ ደግሞ በጭንቅ ሰዓት አያድንም።

የትኛው የጥይት ዓይነት ይሻላል?

እጁ ጤነኛ ለሆነ ሰው መጀመሪያ መሞከር ያለበት 9 ሚሊሜትር ነው። በመካከለኛ መጠን ሽጉጥ ውስጥ ርግጫው ብዙ ሰው የሚችለው ነው፣ ጥይቱ በየሱቁ ይገኛል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ የመከላከያ ጥይቶች ረከስ ይላል። በ1986 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በማያሚ የኤፍቢአይ ወኪሎች በተኩስ ልውውጥ ከተገደሉ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ከበድ ወዳሉ ጥይቶች ዞሮ ነበር፤ መጀመሪያ ወደ 10 ሚሊሜትር፣ ቀጥሎ ወደ .40። በ2010ዎቹ አጋማሽ ግን ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የእርሳሶቹ አሠራር ስለተሻሻለ በ9 ሚሊሜትርና በትልልቆቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠቧል፤ ወኪሎቹ ደግሞ በቀላሉ ርግጫ በፍጥነትና በትክክል ይመታሉ። የሠለጠነ ወኪል ከዚህ ከተጠቀመ የእኛ እናት ወይም ባለሱቅ የበለጠ ይጠቀማሉ።

9 ሚሊሜትር ከከበደዎት .380 አለ፤ ግን ከላይ እንዳልነው መካከለኛ መጠን ባለው ሽጉጥ ውስጥ መሆን አለበት። የኤፍቢአይ መለኪያ እርሳስ በሙከራ ጄል ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር እንዲገባ ይጠይቃል፤ ሲመታ እንዲሰፋ ጫፉ የተቦረቦረ የ.380 እርሳስ ሁሉ ይህን አያሟላም። ስለዚህ የጥይቱን ብራንድ መርጦ መግዛት ያስፈልጋል።

.22 ሎንግ ራይፍል ከሁሉም ይለሰልሳል። ርግጫው ከ9 ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ችግሩ ማቀጣጠያው በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ መሆኑ ነው፤ በዚህ ምክንያት ቃታው ተስቦ ጥይቱ ሳይፈነዳ የሚቀርበት አጋጣሚ ከሌሎቹ ይበዛል። ኃይሉም አነስተኛ ነው። እንዲህም ሆኖ፣ እጃቸው ሌላውን ፈጽሞ የማይችል አረጋዊት አሥር የ.22 ጥይት በትክክል ቢተኩሱ ይሻላል እንላለን፤ አንድ የ9 ሚሊሜትር ጥይት ተኩሰው ሽጉጡ ከእጃቸው ከሚያመልጥ።

.357 ማግነም፣ .40 እና .45 ርግጫ ለሚያስቸግረው ሰው ምርጫ አይደሉም።

ስም እየጠራችሁ ንገሩን፤ የትኞቹን ልሞክር?

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2018 ያወጣው ሺልድ ኢዚ የተሠራው በትክክል ለዚህ ችግር ነው። በ.380 የሚተኩሰው 525 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ለማቀባበል በጣም ቀላል ነው፣ ካዝናውም አውራ ጣትን ሳያደማ ይሞላል። በ2020 የወጣው የ9 ሚሊሜትሩ ዓይነትም አለ፤ እሱ ትንሽ ጠንከር ይላል።

ግሎክ 42 እና ሲግ ፒ365-380 ከዚያ ያነሱ ናቸው፤ ግን አፈሙዙና የላይኛው ተንሸራታች ብረት ተቆላልፈው ወደ ኋላ ስለሚሄዱ ለመጠናቸው ርግጫቸው ለስላሳ ነው። ከዚህ በተቃራኒ ታዋቂው ዋልተር ፒፒኬ አፈሙዙ አይንቀሳቀስም፤ ተንሸራታቹን የሚይዘው የራሱ ክብደትና ጠንካራ ምንጭ ብቻ ነው። በተመሳሳይ .380 ጥይት ፒፒኬ ከግሎክ 42 የበለጠ እጅ ይመታል፣ ለማቀባበልም ይከብዳል፤ ምንም እንኳ ክብደቱ የሚበልጥ ቢሆን። ክብደት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ሽጉጡ ከቤት የማይወጣ ከሆነ መጠን አያሳስብዎት። 950 ግራም የሚመዝነው ቤሬታ 92 ወይም ሙሉ ብረት የሆነው ሲዜድ 75 በ9 ሚሊሜትር ሲተኩሱ በጣም የረጋ ነው። ለአልጋ አጠገብ የተቆለፈ ሣጥን ከነዚህ የተሻለ ጥቂት ነው። ክብደቱን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ የሚያቅተው ክንድ ግን ሌላ መፈለግ አለበት።

በ.22 ከሄዱ፣ 16 ጥይት የሚይዘውን ቶረስ ቲኤክስ22 ይሞክሩ።

ማቀባበል ያቅተኛል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አያያዝዎን ይለውጡ። ብዙ ሰው ሽጉጡን አጥብቆ ይይዝና በሌላው እጁ ጣቶች ጫፍ ተንሸራታቹን ለመሳብ ይሞክራል፤ የጣት ጫፍ ጉልበት የለውም። ይልቅ ሽጉጡን ወደ ደረትዎ ያቅርቡ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንዳቀና ይሁን፣ ጣትዎ ከቃታው ውጭ ይሁን። ተንሸራታቹን ከላይ በሙሉ መዳፍዎ ይጨብጡና ሽጉጡን የያዘውን እጅ በኃይል ወደ ፊት ይግፉት። መሳብ ሳይሆን መግፋት ነው። «አልችልም» ያሉ ብዙዎች በዚህ ይችላሉ።

ይህም ካቃተ፣ ቤሬታ ቶምካት የሚባለው .32 ሽጉጥ የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ወደ ላይ ብድግ ይላል፤ አንዷን ጥይት እዚያው አጉርሶ መዝጋት ይቻላል፣ ማቀባበል አያስፈልግም። ትንሽና ቀላል ስለሆነ ግን ተኩሰው ሳይሞክሩት አይግዙት።

ሻጩ «ለሴት ሪቮልቨር ይሻላል» አለኝ። እውነት ነው?

ሪቮልቨር ጥይቶቹ በሚሽከረከር ክብ ቋት ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ ነው። ምክሩ ያረጀ ነው፤ ብዙ ሴቶችንም ጎድቷል። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ያለውን፣ 410 ግራም አካባቢ የሚመዝን ባለ አምስት ጥይት .38 ስፔሻል ነው። ቀላል ስለሆነ ርግጫው መራራ ነው። ቃታውም ከባድና ረጅም ስለሆነ ጣቱ የደከመ ሰው ሲስብ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጥይቱም ከዒላማው ይወጣል።

ሪቮልቨር የራሱ ጥቅም አለው፦ ማቀባበል የለም፣ አንዱ ጥይት ባይፈነዳ ቃታውን ደግሞ መሳብ ብቻ ነው። ከፈለጉት ሙሉ ብረት የሆነውን፣ ለምሳሌ ሩገር ኤስፒ101ን፣ ለዒላማ ልምምድ በሚሠራ ለስላሳ የ.38 ጥይት ይሞክሩ። ከመክፈልዎ በፊት በባዶው ቃታውን አሥር ጊዜ በተከታታይ መሳብ ይችሉ እንደሆነ ይፈትሹ፤ በመጀመሪያ ግን ሻጩን ያስፈቅዱ።

ለባለቤቴ በስጦታ ልገዛላት እፈልጋለሁ። የቱን ትመክሩኛላችሁ?

ሽጉጥ ሳይሆን አብረው የሚሄዱበትን ቀን ይስጧት። የእጇን ስፋት፣ የጣቷን ርዝመትና የጨበጣዋን ጉልበት እርስዎ ገምተው ሊያውቁት አይችሉም። ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ በኪራይ ያስሞክራሉ። አራት አምስት ዓይነት ተከራይታ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካዝና ትተኩስ። የመጀመሪያው ጥይት ምንም አይናገርም፤ መታየት ያለበት በፍጥነት የተከተሉት ሦስተኛውና አምስተኛው የት እንዳረፉ ነው። የመረጠችውንም በስሟ ራሷ ትግዛ።

ይህን የምንለው በሕጉም ምክንያት ነው። እውነተኛ ስጦታ በፌዴራል ሕግ ይፈቀዳል፤ የስቴቶቹ ደንብ ግን ይለያያል። በሌላ ሰው ገንዘብ፣ ለሌላ ሰው፣ ራስን ገዢ አስመስሎ መግዛት ግን ከባድ ወንጀል ነው፤ በ2022 የወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ወንድም ለወንድም፣ ጓደኛ ለጓደኛ «እኔ ወረቀት አለኝ፣ ልግዛልህ» የሚባለው ነገር እዚህ አሜሪካ ቤት ያፈርሳል።

አገር ቤት ማካሮቭ ተኩሻለሁ። ተመሳሳዩን ልፈልግ?

በውትድርና ያለፉ አባቶች ይህን በብዛት ይጠይቃሉ፤ የለመዱትን መፈለጋቸውም ተገቢ ነው። ማካሮቭ ጠንካራና የማይከዳ ሽጉጥ ነው። ነገር ግን የሚተኩሰው 9×18 ጥይት እዚህ ከሚሸጠው ከተለመደው 9 ሚሊሜትር የተለየ ነው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። አሠራሩም እንደ ፒፒኬው ስለሆነ ለኃይሉ ርግጫው ጠንከር ይላል። ዕድሜ እጅዎን ካላላው መካከለኛ መጠን ያለው የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ከማካሮቭ እንደሚለሰልስ ተኩሰው ያገኙታል።

ጥይት በመቀየር ርግጫን መቀነስ ይቻላል?

በመጠኑ። ለምሳሌ ሆርናዲ «ክሪቲካል ዲፌንስ ላይት» የሚል በ9 ሚሊሜትር ለስላሳ የመከላከያ ጥይት ይሠራል። ግን በጣም የለሰለሰ ጥይት አንዳንዱን ሽጉጥ በትክክል ስለማያንቀሳቅስ ቀለሁ ሳይወጣ ሊቆልፍ ይችላል። እጅ ልል ሆኖ ሲይዝም ይኸው ይደርሳል። ስለዚህ ለመከላከያ ያሰቡትን ያንኑ ጥይት ቢያንስ ሁለት ሣጥን በራስዎ ሽጉጥ ተኩሰው ሳይቆልፍ ማለፉን ያረጋግጡ።

ቃታውን ከመሳቤ በፊት እጄ ይሸማቀቃል። ምን ይሻላል?

ከርግጫው ይልቅ ድምፁ ነው ብዙውን ሰው የሚያሸማቅቀው። የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ ጆሮንም ለዘለቄታው ይጎዳል። የጆሮ ውስጥ መድፈኛና ከላይ የሚደረገውን መሸፈኛ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያድርጉ። ይህን ብቻ አድርገው ግማሹ ፍርሃት የለቀቃቸው አሉ።

ከዚያ አያያዝ ነው። ሽጉጡን የያዘው እጅ በተቻለ መጠን ወደ ላይ፣ ወደ ተንሸራታቹ ተጠግቶ ይጨብጥ፤ ሌላው እጅ ባዶ የቀረውን የእጀታ ጎን ሞልቶ ይጫን። ትከሻዎ ከወገብዎ ትንሽ ወደ ፊት ይዘንበል። ጀማሪ ሁሉ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ያኔ ርግጫው እጥፍ ሆኖ ይሰማል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ባዶ ሽጉጥ ይዞ መለማመድ አለ። ጥይቱ በሙሉ ከክፍሉ ይውጣ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ በዓይንና በጣት ይፈትሹ፣ ጥይት የማያሳልፍ ግድግዳ ላይ አነጣጥረው ማነጣጠሪያው ሳይነቃነቅ ቃታውን ይሳቡ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንድ ወር ቢያደርጉት መለማመጃ ቦታው ላይ ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል።

ሕጉ ለእኔ ይፈቅዳል?

በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ካለው ሻጭ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዜጎችና የግሪን ካርድ ባለቤቶች መግዛት ይችላሉ፤ የጀርባ ምርመራውን ካለፉ። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። የጥገኝነት ጉዳያቸው በሂደት ላይ ያለ ሰዎች የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ ጥይት እንኳ አይግዙ።

ዜግነት ያልያዙ ሁሉ ይህን ልብ ይበሉ፦ ከመሣሪያ ጋር በተያያዘ ወንጀል ጥፋተኛ መባል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ለአሜሪካዊ ጎረቤትዎ በገንዘብ ቅጣት የሚያልፍ ጉዳይ ለእርስዎ የኑሮ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በቤት ውስጥ ጥቃት፣ በቀላል ወንጀልም ቢሆን፣ የተፈረደበት ሰውም መያዝ ተከልክሏል።

ጫትም አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች አንዱ ነው፤ ገዢው የሚሞላው ቅጽ ደግሞ የተከለከለ ዕፅ ይጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቃል። በቅጹ ላይ ሐሰት መጻፍ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ማሪዋናም፣ ስቴቱ ቢፈቅደው እንኳ፣ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ሜሪላንድ ውስጥ ከመግዛትዎ በፊት የጣት አሻራና ሥልጠና ያለው የብቃት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከዚያም 7 ቀን ይጠብቃሉ። የሚሸጡትም በስቴቱ ዝርዝር ላይ ያሉ ሽጉጦች ብቻ ስለሆኑ፣ የመረጡት ዓይነት መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ እያንዳንዱ መሣሪያ በፖሊስ እንዲመዘገብ ያዛል። ቨርጂኒያ ቀለል ይላል፤ ደብቆ ለመያዝ ግን ከፍርድ ቤት ፈቃድ ይወጣል። ሕጎቹ በየጊዜው ስለሚለወጡ በሚገዙበት ሳምንት የስቴትዎን ፖሊስ ገጽ ያንብቡ።

ኡበር እነዳለሁ። መኪና ውስጥ መያዝ እችላለሁ?

ኡበርም ሊፍትም ሾፌር በሥራ ላይ ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክላሉ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ድልድዩ ነው፦ የቨርጂኒያ ፈቃድ ዲሲ ውስጥ አይሠራም። ከአሌክሳንድሪያ ተሳፋሪ ይዞ ዲሲ የገባ ሾፌር ሽጉጥ ከተገኘበት «መንገዱ ወሰደኝ» ማለት አያድነውም።

ልጆች ቤት አሉ። የት ላስቀምጠው?

ቀላል ሽጉጥ ለልጅ ጣትም ቀላል ነው። በቀላሉ የሚቀባበልና ቃታው የለሰለሰ መሣሪያ መግዛት ቁልፉን አጥብቆ መያዝን ይጠይቃል። ቁም ሣጥን ላይ፣ ፍራሽ ሥር፣ ቦርሳ ውስጥ መደበቅ ማስቀመጥ አይባልም፤ ልጅ ያገኘዋል። ከግድግዳ ወይም ከአልጋ ጋር የታሰረ፣ በቁጥር ወይም በጣት አሻራ በፍጥነት የሚከፈት ጠንካራ ሣጥን ይግዙ። ዋጋውን ከሽጉጡ ዋጋ ጋር አብረው ያስቡት፤ ለሣጥኑ ካልተረፈ ሽጉጡ ይቆይ። በእኛ ቤት ደግሞ እንግዳ ይበዛል፤ ለክርስትናውና ለልደቱ የሚመጡትን ልጆችም ይቁጠሩ።

በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ሰዎች የሚበዙት ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። በቤትዎ ውስጥ በከባድ ሐዘን፣ በጭንቀት ወይም በመጠጥ የሚሠቃይ ሰው ካለ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት ይውጣ፤ አንዳንድ ሻጮችና የፖሊስ ጣቢያዎች በአደራ ይቀበላሉ። 988 ላይ መደወልም ይቻላል፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ያገለገለ ብገዛስ?

ጥሩ ነው፤ ፈቃድ ካለው ሻጭ ከሆነ። የመለያ ቁጥሩን ይዘው በአምራቹ ገጽ ላይ ለጥገና የተጠራ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ከላይ ያመሰገንነው ሺልድ ኢዚ እንኳ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 2020 በአውሮፓ አቆጣጠር ከተመረቱት መካከል የመዶሻው ክፍል ሊሰነጠቅ ይችላል ተብሎ አምራቹ ጠርቶ በነፃ ጠግኗል። ምንጩ የደከመ አሮጌ ሽጉጥ ለማቀባበል ቀላል ሊመስልዎት ይችላል፤ እሱ ግን መለወጥ ያለበት ዕቃ ነው። ከመተኮስዎ በፊት የጠመንጃ ጥገና ባለሙያ ይየው።